ስለ ጧሪና ስለ ቀባሪ

ባገራችን ልማድ ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። በዚህ አጭር ምርቃት ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ተጣምረው ይገኛሉ። አንደኛው ሰው አርጅቶ ወይም ታሞ ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ማጕረስ፣ ማጠብ፣ ደግፎ ማንሣትና ማስተኛት ነው፤ ሁለተኛውም በሞተ ጊዜ በክብር መሸኘት ነው። ቃሉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይናገራቸው እንጂ በዛሬው ዘመን የሁለቱ ዕድል አንድ እንዳልሆነ በሐይቅና በአምባሰል የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቀባሪው አለ፤ በሚገባም ተደራጅቷል። ጧሪው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ሄዷል። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንፈልገው፣ ቀባሪውን ያደራጀ ሕዝብ ጧሪውንም በዚያው ብልሃት ሊያደራጀው እንደሚችልና ይህንንም ለመጀመር ከሐይቅ ከተማ የበለጠ የተመቸ ስፍራ እንደማይገኝ ነው።

በሌላው አገር እድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ቅሬ ምን እንደ ሆነ ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው፤ ነገር ግን ይህን ጋዜጣ በሩቅ ሆነው የሚያነቡም አሉና በጥቂቱ እንገልጸዋለን። ከአንድ መንደር የሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች ሰው በሞተባቸው ጊዜ መቃብር ለመቈፈር፣ ሬሳ ለመሸከም፣ ድንኳን ለመትከል፣ ለኀዘንተኛ ንፍሮና እንጀራ ለማቅረብ አስቀድመው የተማማሉበት ማኅበር ነው። በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ይገባሉ፤ ሼኹ ለክርስቲያኑ ቀብር፣ ቄሱም ለእስላሙ ቀብር ይወጣሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱንም አልከፍልም ብሎ የሚከራከር የለም፤ ከቅሬ መውጣት ማለት ከሰው መካከል መውጣት ነውና። ከዚህም ሌላ በገጠሩ ታማሚውን በቃሬዛ አድርጎ እስከ መኪና መንገድ ወይም እስከ ጤና ጣቢያ በየተራ መሸከም የመንደሩ ሰው ሥራ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ ቅሬ ሬሳ ብቻ ሳይሆን ነፍሱ ያለችውንም ሰው በትከሻው መሸከም የለመደ ማኅበር ነው ማለት ነው። እኛ የምንለምነው ከዚህ ጥቂት እንዲራመድ ነው።

ጧሪው ወዴት ሄደ ቢባል፣ አስቀድሞ ጧሪው ማን እንደ ነበረ መናገር ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ጧሪው ወንድ ልጅ አልነበረም። ወንዱ ልጅ እህልና ብር ያመጣል፤ ሽንት የነካውን ልብስ የምታጥበው፣ አጥሚት አሙቃ በማንኪያ የምታጐርሰው፣ ሌሊት ተነሥታ ውሃ የምትሰጠው ግን ሴት ልጂቱ ወይም ምራቲቱ ነበረች። ይህ ሥራ ደመወዝ አልነበረውም፤ ስሙም ሥራ አይባልም ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ ወይም ትምህርት ቤት ናት፤ ወይም ደሴና ኮምቦልቻ፣ አልፎም አዲስ አበባ በሥራ ላይ ናት፤ ወይም ደግሞ ከደቡብ ወሎ እንደ ወጡት እንደ ብዙዎቹ እኅቶቿ በጅዳ፣ በሪያድ፣ በቤሩት ወይም በኩዌት ትገኛለች።

በዚያ የምትሠራው ሥራ ምንድር ነው? ከብዙዎቹ ቤቶች ውስጥ የሌላ ሰው እናት ታጥባለች፤ የሌላ ሰው አባት ታጐርሳለች፤ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች። እናቷ ግን በሐይቅ ወይም በውጫሌ፣ ወይም ከአምባሰል ተራሮች ሥር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ተኝታ፣ ልጇ የላከችው ብር በደረሰ ጊዜ የሚመነዝርላት ጎረቤት እንጂ የምታገላብጣት እጅ የላትም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ሠራተኛ በሙያው ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አዟል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የሌላውን አገር ሽማግሌ ለምትጦረው ሥልጠና እንዲሰጥ ሲታዘዝ፣ የገዛ አገራችንን ሽማግሌ ለምትጦረው ስለ ምን ማንም አላሰበላትም ብሎ መጠየቅ የሚገባ ይመስለናል።

በሌላ በኩል ደግሞ በሽታውም ተለውጧል። በቀድሞው ዘመን ሰው በወባ፣ በተስቦና በረኃብ ቶሎ ይሞት ነበር፤ የ1966ቱም ረኃብ በወሎ ምን እንዳደረገ የታወቀ ነው። ዛሬ በክትባትና በሐኪም ቤት መስፋፋት ያገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ ከ60 ዓመት አልፏል። ስለዚህ ነገር እግዚአብሔርን ማመስገን ይገባል። ሆኖም ረጅም ዕድሜ ረጅም ሕመም አስከትሏል። የደም ግፊት ሳይታወቅ ቈይቶ ስትሮክ የሚባለውን አደጋ ያመጣና ሰውየው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ለዓመታት ይተኛል፤ የስኳር በሽታ እግር ያቈስላል፣ ዐይን ይጋርዳል፤ ካንሰርም በመጨረሻው ወራት የሚያስጨንቅ ሕመም አለው። የደሴ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሰው ተቀብሎ ከሞት ሊያድነው ይችላል። ካዳነው በኋላ ግን አልጋው ለሌላ ታማሚ ስለሚፈለግ ወደ ቤት ይሸኘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወራትና ዓመት የሐኪሙ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ነው፤ ቤተ ሰቡም ምን እንደሚያደርግ የነገረው የለም።

ማስታመም ማለት በርኅራኄ አጠገብ መቀመጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጐኑ ብዙ ሰዓት ከተኛ በዳሌው፣ በወገቡና በተረከዙ ላይ የተጫነው ቆዳ ደም ያጣል፤ በመጀመሪያ ይቀላል፤ ቀጥሎ ይላጣል፤ በመጨረሻም እስከ አጥንት የሚደርስ ቍስል ይሆናል። ይህን ቍስል ለማዳን ብዙ ወር ይፈጃል፤ ከነጭራሹም የማይድን አለ፤ ደም መርዞ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ለመከላከል ግን የሚያስፈልገው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቆዳውን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መጠበቅ፣ ከተረከዙ በላይ ባለው እግር ሥር ትራስ አድርጎ ተረከዙን ከአልጋው ማራቅ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ዕውቀት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እንዲሁም ስትሮክ የመታው ሰው እንደ ተጋደመ ቢያጐርሱት ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባና በሳንባ ምች ይሞታል፤ ቀና አድርጎ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ መዋጡን እያዩ ማጉረስ ይገባል። ይህን ሳያውቁ የገዛ አባታቸውን በፍቅር እያጐረሱ የጐዱ ልጆች ጥፋታቸው ያለማወቅ እንጂ የክፋት አይደለም። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት ኪኒን «ተሽሎኛል» ተብሎ ሲቋረጥ ሁለተኛው ስትሮክ ከመጀመሪያው የከፋ ሆኖ ይመጣል።

አሁን ይህን የሚያስተምርና የሚሠራ ማን አለ? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ባገሪቱ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ልጆችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ጤና ኬላ አስቀምጧል። እነዚህ ልጆች በእግራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ለእናቶችና ለሕፃናት ያደረጉት አገልግሎት ታላቅ ነው፤ የሚመሰገንም ነው። ነገር ግን በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሆነው እስከ 5 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ይጠብቃሉ። ክትባቱ፣ የወሊዱ ክትትል፣ የመጸዳጃው፣ የወባው ነገር ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው። ከዚህ ጋራ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ አጥባችሁ ልብስ ለውጡ ቢባሉ ትእዛዙ ከወረቀት አያልፍም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ የሐይቅ ሰው ለሌላው ሊያስተምር የሚችለው ነገር አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ባገራችን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመርጠው ነበር፤ ከአማራ ክልል ሦስቱ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ሐይቅ ዋና ከተማው የሆነው ተሁለደሬ ነበሩ። በዚያን ጊዜ «ሳልታመም ለሐኪም ብር እከፍላለሁን» ያለ ሰው እንደማይጠፋ እንገምታለን። ዛሬ ግን መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ይዞ መታከም ባገሪቱ ብዙ ወረዳዎች የተለመደ ነገር ሆኗል። እንግዲህ ጤነኛው ለታመመው አስቀድሞ ማዋጣትን በቅሬ ከአባቶቹ፣ በመድኅንም ከመንግሥት የተማረ ሕዝብ ነው። የጐደለው፣ መድኅኑ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል በር ላይ የሚቆም፣ ቅሬውም በመቃብር በር ላይ የሚጀምር መሆኑ ነው። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው መንገድ የማንም አይደለም።

ይህ መንገድ በሌላ ስፍራ በምን ዓይነት እንደ ተሞከረ መመልከት ይጠቅማል። በ1990ዎቹ ዓመታት የኤች አይ ቪ ሕመም በአዲስ አበባ በበረታ ጊዜ ሆስፒታሎቹ ሞልተው፣ ሕመምተኛው በየቤቱ ተኝቶ፣ ጎረቤትም ለመግባት ፈርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሲስተር ጥበበ ማኮ ያቋቋሙት «ሕይወት» የተባለው ድርጅትና ሌሎችም ከየሰፈሩ እድሮች ጋራ ተስማምተው፣ ከእድርተኛው መካከል ፈቃደኞችን አሠልጥነው፣ የታመመውን በቤቱ ማጠብ፣ ማብላትና ማጽናናት አስጀመሩ። ለመቅበር የተቋቋመው እድር እንዳይቀበር ወደ መርዳት ተሻገረ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር አልጋ ላይ ከዋሉት መካከል ብዙዎች ተነሥተው ሄዱ፤ እስከዚያ ቀን ያቈያቸው ግን የጎረቤት እጅ ነበር። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ማኅበሩ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚያሳስብ ነው፤ ገንዘቡ ከውጭ አገር ይመጣ ስለ ነበረ፣ ፈቃደኞቹም ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ድኾች ሴቶች ስለ ነበሩ፣ እርዳታው በቀነሰ ጊዜ ሥራውም ቀነሰ።

ሌሎችም አሉ። በአዲስ አበባ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በካንሰርና በመሰለው ሕመም የሚሠቃዩትን በየቤታቸው እየሄደ ሥቃያቸውን ያስታግሣል። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተጀመረው መቄዶንያም ጧሪ ያጡትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሺህ እየቈጠረ ከጐዳና አንሥቶ ያኖራል። መቄዶንያን የማያመሰግን አንደበት አይኑር። ይሁን እንጂ መቄዶንያ የሚቀበለው ከቤቱ የወጣውን፣ ቤትም የሌለውን ነው። የአምባሰሏ እናት ቤት አላት፤ ጓሮ አላት፤ በየማለዳው ቡና አፍልታ የምትጠራት ጎረቤት አለቻት። እርሷን ከዚያ ነቅሎ ወደ ሩቅ ከተማ መውሰድ ከሕመሟ ሌላ ሕመም መጨመር ነው።

በሀብት ከእኛ እጅግ የሚበልጡት አገሮችም ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። በአሜሪካ አገር መንግሥት ለድኾች የሚከፍለው የሕክምና ገንዘብ በሆስፒታል ለተኛ እንጂ በቤቱ ለሚታመም ሰው በቀላሉ አይከፈልም ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር 1981 ዓ.ም. ኬቲ ቤኬት የምትባል የሦስት ዓመት ሕፃን፣ በቤቷ ብትታመም ወጪው እጅግ የሚያንስ ሲሆን፣ ሕጉ ስላልፈቀደ ብቻ በሆስፒታል እንድትኖር መገደዷ ተሰማ። ፕሬዚዳንት ሬገን ነገሩን በአደባባይ ተናገሩት፤ ለሕፃኒቱም ፈቃድ ተሰጣት፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም ክፍላተ ግዛቶቹ በቤት ለሚሰጥ እንክብካቤ እንዲከፍሉ በር ከፈተ። ዛሬ በዚያ አገር ይህን አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በዋሺንግተንና በሚኒያፖሊስ አካባቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን በአስታማሚነት የሚሠሩ፣ ድርጅቱንም ራሳቸው ያቋቋሙ ብዙዎች አሉ። ስለዚህ ሥራው ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነው ለኢትዮጵያ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። በሐይቅ ከተማ የአስታማሚዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ይቋቋም። አባላቱም በዐረብ አገር ቤቶች ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረው የተመለሱ እኅቶች ይሁኑ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ የተመለሱት ብዙ ናቸው፤ ወሎም ከእነዚህ ብዙ ልጆች ተቀብላለች። ከተመለሱት ብዙዎቹ ሥራ አጥተው ሁለተኛ ለመሄድ ደላላ ሲፈልጉ ይታያሉ። የያዙት ሙያ ግን ያገራቸው ሰው የተቸገረበት ሙያ ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከደሴ የመጣ ነርስ ጥቂት ሳምንት አስተምሮ ዕውቀታቸውን ቢያስተካክለው፣ ከዚያም በየወሩ እየመጣ ቢቈጣጠራቸው፣ ብቁ አስታማሚዎች ይሆናሉ። መርፌ መውጋትና ቍስል መጥረግን የመሰለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሚሠራው ስለ ሆነ እርሱን ለነርሱ ይተዉለት፤ ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ማጉረሱ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማሳሰቡ፣ ክንድና እግር ማንቀሳቀሱ ግን የእነርሱ ይሁን።

ስለ ምን የኅብረት ሥራ ማኅበር እንላለን? አንድ ሀብታም በንግድ ፈቃድ ሊያቋቁመው አይችልምን? ይችላል፤ ቢያቋቁምም አንቃወምም። ነገር ግን ነጋዴው መክፈል ወደሚችለው ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ይህም የነጋዴ ጠባይ ነውና አይነቀፍበትም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1113 መሠረት የሲቪል ማኅበር ሆኖ መመዝገብም ይቻላል፤ ያ መንገድ ግን ዓይኑን ወደ ለጋሽ እጅ ያስለምዳል፤ የለጋሹም ዓመት ሲያልቅ የሚሆነውን ከላይ አይተናል። ቅሬ ራሱ ከዚህ አዋጅ ውጭ የተተወ ባህላዊ ማኅበር ነው፤ ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዝ እንዲያስተዳድር ማድረግም ከልማዱ ውጭ ሸክም መጫን ይሆናል። ስለዚህ ሥራው በአዋጅ ቍጥር 985 የሚገዛ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ፣ ቅሬዎቹ ደግሞ ዋስና ደንበኛ ቢሆኑ የተሻለ ነው። ዋስነቱ ቀላል ነገር አይደለም። በገዛ ቤትህ፣ አልጋ ላይ ካለች እናትህ አጠገብ፣ ሣጥኑና ቍልፉ ባለበት ክፍል የማታውቃትን ሴት ማን ያስገባል? ቅሬዋ የመሰከረላትን፣ ብታጠፋም ቅሬዋ የሚጠይቃትን ሴት ግን ያስገባታል። ታማሚውም በደል ቢደርስበት አቤት የሚልበት በአጠገቡ ይኖራል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ምን እንደምትሠራ፣ ምን እንደማትሠራ፣ ደመወዟ ስንት እንደ ሆነ በግልጽ ይጻፍ። አለዚያ አስታማሚ ተብላ የገባችው ልጅ በወሩ እንጀራ ጋጋሪ፣ በሁለተኛው ወር ከብት አጋጅ ሆና ትገኛለች። በአምባሰል ወረዳ ያለችው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተዋዋልነው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ሆኖ ምን እንዳመጣ ታውቃለችና፣ ስለ ውል አጻጻፍ ለዚያ አገር ሰው ብዙ መምከር አያስፈልግም። የማኅበሩ ሠራተኛ መሆኗም በሕግ ፊት ይጠቅማታል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አንድ ቤተ ሰብ ለግል አገልግሎቱ የቀጠራትን ሴት አያቅፍምና።

ገንዘቡን በምሳሌ እናስላው። ሦስት ቅሬዎች፣ እያንዳንዳቸው 150 አባወራ ያሏቸው፣ ቢስማሙና በየወሩ ከአንድ ቤት 30 ብር ቢዋጣ 13,500 ብር ይሆናል። ይህ ለሁለት አስታማሚዎች ለእያንዳንዳቸው 5 ሺህ ብር፣ ለሳሙና፣ ለጓንት፣ ለፋሻና ለጨርቅ ደግሞ 3,500 ብር ይሆናል። ደመወዙ ብዙ ነው አንልም፤ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ስናይ ጥቂት ነው። ከዚህ በላይ ግን ልጇ በጅዳ ያለችላት እናት ሙሉውን ዋጋ በራሷ ትክፈል። እኛ የምናውቃቸው በውጭ ያሉ ልጆች ብር ለመላክ አይሰስቱም፤ የሚያስጨንቃቸው የላኩት ብር ምን እንደ ሠራ አለማወቃቸው ነው። ማኅበሩ ደረሰኝ ቢሰጣቸው፣ በየሳምንቱም አስታማሚዋ እናታቸው ምን እንደ በላች፣ ቆዳዋ ደኅና እንደ ሆነ በስልክ ብትነግራቸው፣ ይህን ዋጋ በደስታ ይከፍላሉ። ከእነርሱ የሚተርፈው ምንም ለሌለው ሽማግሌ ይውላል።

አንዲት አስታማሚ በቀን አራት ወይም አምስት ቤት ብትደርስ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡ የቤተ ሰቡ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ አንድ ማኅበር ቤተ ሰብን ሊተካ አይችልም። ነገር ግን አስታማሚዋ ጠዋት መጥታ ከባዱን ሥራ ብትሠራ፣ የቀረውንም ለቤት ሰው ብታስተምር፣ አያቷን ለመጠበቅ ከትምህርት የቀረችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ጥቅም በአልጋው ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም።

«እናትን ለቅጥረኛ መስጠት ነውር ነው» የሚል ሰው እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህን ሐሳብ እናከብራለን፤ ከመልካም ልብ የሚወጣ ነውና። ግን ነውሩ የት ላይ እንደ ሆነ በደንብ ይታሰብበት። ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የመሠረቱት የእስጢፋኖስ ገዳም ልጅ የሌላቸው ሰዎች የሚያረጁበት ስፍራ ነው። መነኵሴ አይወልድም፤ ነገር ግን በገዳም ሥርዓት አረጋዊው መነኵሴ ሲደክም ወጣቱ ይራዳዋል፤ ይህም በዘመድነት ሳይሆን በማኅበሩ ደንብ ነው። በእስላሙም በኩል ለጎረቤትና ለደካማ መድረስ የሃይማኖት ግዴታ ነው፤ ዘካውና ሰደቃው ለዚህ የተሠራ ነው። በሁለቱም ሃይማኖት ያልወለደህ ሰው ቢያጥብህ ነውር የለበትም። ይልቁንም ነውር የሚሆነው አስታማሚዋ የቤቱን ልማድ ሳታከብር ብትቀር ነው። ሴትን ሴት ታስታምም፤ ወንዶችም በሙያው ይግቡ፤ ወንዱን ወንድ ያስታምመው። ለእስላሙ ውዱእ የሚያደርግበት ውሃ በሰዓቱ ይቅረብለት፤ ለክርስቲያኑም ጠበሉና የንስሐ አባቱ አይከልከሉበት፤ ኪኒኑን ግን ስለ ጠበሉ ብሎ እንዳይተው ንስሐ አባቱ ራሱ ይምከረው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚልም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጕዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ደንግጓል። ስለዚህ የመንግሥት ድርሻ አለበት። ድርሻውም ከባድ አይደለም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነርሱን ይላክ፤ የኅብረት ሥራው ጽሕፈት ቤት ምዝገባውን ያፋጥን፤ የጤና መድኅኑም ሥራው ጸንቶ ከታየ በኋላ በቤት የሚሰጠውን እንክብካቤ ከሚከፍልባቸው ነገሮች አንዱ ሊያደርገው ይመርምር። ነገር ግን መንግሥት ሁሉን እስኪያሟላ ድረስ የተኛችው እናት አትጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ባዶ እጃቸውን ቀርተው ነበር። በእንደዚያ ያለ ቀን ሰው በአጠገቡ የሚያገኘው ጎረቤቱን ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ የሚያውቀው ነገር ካለ ደግሞ ይተርፋል።

ከሐይቅ ይጀመር ማለታችን የአምባሰልን ገጠር ረስተን አይደለም። በከተማው ቤቱ ተቀራራቢ ስለ ሆነ አስታማሚዋ በእግሯ ትዳረሳለች፤ መኪና መንገዱም ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው፤ የመጀመሪያው ስሕተትም በቶሎ ይታረማል። በአምባሰል ግን ቀበሌው ከቀበሌ በገደልና በሸለቆ የተለየ ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የግማሽ ቀን መንገድ የሚሆንበት አለ። በዚያ ከተማ የተቀመጠች አስታማሚ አትደርስም። እያንዳንዱ ቅሬ ከራሱ መንደር አንዲት ወይም ሁለት ሴቶችና አንድ ጐልማሳ መርጦ ወደ ሐይቅ ልኮ ቢያሠለጥን፣ እነርሱም በመንደራቸው ቢያገለግሉ፣ ቅሬውም በብር ፋንታ በእህል ወይም የእርሻ ጉልበት በመርዳት ቢከፍላቸው የሚቀል ይመስለናል። ከክረምት በፊት ሠልጥነው ቢመለሱ ይሻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ቃሬዛም የማይሻገርበት ስፍራ አለና።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ አለ። ቅሬ ስም መጥራት ያውቃል፤ የቀረውንና የመጣውን በመዝገብ ይይዛል። በሚቀጥለው ስብሰባ የመዋጮው ስም ከተጠራ በኋላ ጸሓፊው አንድ አዲስ ገጽ ይክፈትና፣ በመንደሩ ውስጥ ከአልጋ መነሣት የማይችል ማን እንደ ሆነ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደ ተኛ፣ ማን እንደሚያስታምመው፣ አስታማሚዋም ልጅ ከሆነች ስንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን እንዳቋረጠች ይጻፍ።